የጋራ ኮምፒውተር፣ የጋራ ሐቅ፦ በቤታችን ማሽን መንዙማና ነሺዳ ስንቀዳ



ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ድምፅ ቀረጻ ነው። በጀመዓችን ውስጥ ነሺዳ የሚሉ፣ ቁርኣን የሚቀሩ፣ የአያቶቻቸውን መንዙማ ሳይጠፋ ለመቅዳት የሚፈልጉ ብዙዎች አሉ። ስቱዲዮ ያለው ግን የለም ማለት ይቻላል። ያለን አባት የሱቅ ሒሳብ የሚሠራበት፣ እህት የምታጠናበት፣ ትንሽ ወንድም ጌም የሚጫወትበት አንድ የቤት ኮምፒውተር ነው። ይህንን ማሽን የማንንም ሐቅ ሳንነካ ለቀረጻ እንዴት እናዘጋጀው? መልሱን የተማርነው በስህተታችን ነውና ከስህተቱ እንጀምር። የሙዚቃ መሣሪያን የሚመለከተውን ሑክም ለኡስታዞቻችን እንተወዋለን፤ እዚህ የምናወራው ስለ ሰው ድምፅ ነው።

የሆነው ነገር

በአንድ የሴሚስተር ዕረፍት ሦስት ሆነን ከአንዳችን ቤተሰብ ዘንድ አረፍን። በሰፈሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ መንዙማ የሚሉ አንድ አዛውንት ሸኽ አሉ። የሚሏቸው መንዙማዎች ከፊሎቹ በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ በአሮጌ ደብተር ላይ ሰፍረዋል፤ ከፊሎቹ ግን በልባቸው ብቻ ናቸው። «ድምፅዎን እንቅዳልዎ» ስንላቸው ደስ ብሏቸው እሺ አሉ። ቀኑም ተቆረጠ።

ኮምፒውተሩ ግን ሞልቷል። ዲስኩ ላይ የቀረው ቦታ ከአንድ ጊጋባይት በታች ነው። ሸኹ ሊመጡ ግማሽ ሰዓት ሲቀር «ዳውንሎድስ» የሚለውን ፎልደር ከፈትን፤ ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ ሁሉንም መርጠን ሺፍት ተጭነን ደለት አደረግነው። በሺፍት የተደመሰሰ ነገር ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም። በዚያ ፎልደር ውስጥ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እህታችን ለብሔራዊ ፈተና የሰበሰበቻቸው የቆዩ ጥያቄዎችና ፎቶ ያነሳቻቸው የራሷ ማስታወሻዎች ነበሩ።

ሸኹ መጡ፤ ቡና ተፈላ፤ ቀዳን። ማታ ስናዳምጠው ሰባት ቦታ ላይ ተቆርጧል። በየመካከሉ «ጭቅ» የሚል ድምፅ አለ፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ግማሽ ቃል ጠፍቷል። ለካ ስንቀዳ ማሽኑ ከጀርባ የዊንዶውስ አፕዴት ያወርድ ኖሯል። በአንድ ቀን የሰው ፋይል አጠፋን፤ የሸኹንም ድምፅ አበላሸን።

እህታችን አልጮኸችብንም። «ፋይሎቼን ብትጠይቁኝ ወደ ፍላሽ አደርጋቸው ነበር» አለችን። አባቷ ግን ነገሩን ሲሰሙ «ልጆች፣ በሰው ሐቅ ላይ የተሠራ ሥራ በረካ ከየት ያገኛል?» አሉን። አንገታችንን ደፋን። ለአራት ቀናት ከጓደኞቿ ፍላሽና ስልክ ላይ ጥያቄዎቹን ስንለቅም ከረምን፤ አብዛኞቹን አገኘን። የራሷን ማስታወሻዎች ግን አልመለስንላትም፤ ደብተሩን አንዴ ፎቶ አንስታ ለታናሽ ዘመዷ ሰጥታው ነበር።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ማሽኑን ሳይሆን ሰዎቹን መጠየቅ

በኢንጂነሪንግ ክፍል አንድን ሥርዓት ከማሻሻላችን በፊት ተጠቃሚዎቹን መለየት እንማራለን። በመድረሳ ደግሞ የጋራ ንብረት ላይ አንዱ ሸሪክ ያለ ሌላው ፈቃድ እንደፈለገ እንደማያደርግ ተምረናል። ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የቤት ኮምፒውተር ላይ ለእኛ «ቆሻሻ» የሚመስለን ፋይል የሌላው አማና ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካታችን በፊት ሦስት ነገሮችን እናደርጋለን።

አንደኛ፣ በማሽኑ የሚጠቀሙትን ሁሉ መቼ እንደሚፈልጉት መጠየቅና ተራውን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ጎን መለጠፍ። በዚያ ቤት ሰሌዳውን ያወጣችው እህታችን ናት። ከዒሻ በኋላ ያለውን ሰዓት ለራሷ ያዘች፤ ለእኛ ከሱብሒ በኋላ ያለውን ሰጠችን። በኋላ እንደምናየው ለቀረጻም የተሻለው ሰዓት እሱ ሆነ።

ሁለተኛ፣ የሌላውን ሰው ፋይል አለመደምሰስ። ቦታ ከጠበበ ባለቤቱ ራሱ እንዲመርጥ እንጠይቃለን፤ ወይም የእኛን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ እናዛውራለን።

ሦስተኛ፣ ለቀረጻ ብቻ የሚሆን የተለየ አካውንት መክፈት። በዊንዶውስ ላይ የኮምፒውተሩ ኃላፊ የሆነው ሰው (በብዙ ቤት አባት ወይም ታላቅ ወንድም) «ቀረጻ» የሚል ተራ አካውንት ይከፍትልናል። አድሚን መሆን አያስፈልገንም። ይህ አካውንት ሁለት ጥቅም አለው። የሌሎቹ ዶክመንትና ዴስክቶፕ ከእጃችን ይርቃል፤ እንዲሁም ሌሎቹ ሲገቡ አብረው እንዲነሡ ያደረጓቸው ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በእኛ አካውንት ላይ አይነሡም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ስዊች ዩዘር» ብለን ወደ እኛ አካውንት ብንገባ የሌላው ሰው ፕሮግራሞች ከጀርባ እየሠሩ ይቆያሉ፤ ሚሞሪውንም ይይዛሉ። የሚሻለው የቀደመው ሰው «ሳይን አውት» እንዲያደርግ ነው። ይህን ግን እኛ በግድ አናደርግም። ዊንዶውስ ሌላ ሰው እንደገባ ነግሮን «ብትቀጥሉ ያላስቀመጠው ሥራ ይጠፋል» ካለን፣ ያ ማስጠንቀቂያ ባለቤቱን እንድንጠራ ነው።

ድምፁ ለምን ይቆራረጣል?

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። ማይኩ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በ48 ኪሎኸርዝ ስንቀዳ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ 48,000 ናሙና ይቀበላል። የናይክዊስት መርህ እንደሚለን አንድን ሞገድ በትክክል ለመያዝ ናሙናው ከሞገዱ ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ስለሆነ 44.1ም ሆነ 48 ኪሎኸርዝ ይበቃል። 96 ወይም 192 መምረጥ የማሽኑን ሸክም ከማብዛት ሌላ ለአንድ ሰው ድምፅ የሚጨምረው ነገር የለም።

48,000 ቁጥር በሰከንድ ለዛሬ ማሽን፣ አሮጌ እንኳ ቢሆን፣ ብዙ አይደለም። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ የፍጥነት ሳይሆን የሰዓቱን የማክበር ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበትን ሰፈር አስቡ። ውኃው ሌሊት መጣ፤ ቧንቧው አይዘጋም። አንድ ሰው ጀሪካን ደቅኖ ይቆማል፤ ሲሞላ አንሥቶ በርሜል ውስጥ ይገለብጣል፤ በዚያ መካከል ሌላ ባዶ ጀሪካን ተደቅኗል። ይህ ሰው ጉልበተኛ ቢሆንም በሩ ሲንኳኳ ሄዶ ከቆየ ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስሳል። የፈሰሰው ውኃ አይታፈስም።

ቧንቧው ማይኩ ነው፤ በርሜሉ ዲስኩ ነው፤ ሰውየው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ጀሪካኑ ደግሞ «በፈር» የምንለው ጊዜያዊ ማቆያ ነው። በሩን የሚያንኳኩት አፕዴቱ፣ የቫይረስ ፍተሻው፣ ቴሌግራም ራሱ የሚያወርደው ቪዲዮ፣ የዋይፋዩ ድራይቨር ናቸው። «ጭቅ» የሚለው ድምፅ የፈሰሰው ውኃ ነው።

ከዚህ ሁለት መፍትሔ ይወጣል። ጀሪካኑን ማተለቅና በሩን የሚያንኳኩትን መቀነስ።

ጀሪካኑን ማተለቅ

በ48 ኪሎኸርዝ 128 ናሙና የሚይዝ በፈር 2.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይቆያል። 256 ናሙና 5.3፣ 512 ናሙና 10.7፣ 1024 ናሙና 21.3 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በፈሩ ሲተልቅ ፕሮሰሰሩ እፎይ ይላል፤ ድምፁ ግን ዘግይቶ ይደርሳል።

ብዙ ጊዜ «በፈሩን አሳንሱ» የሚል ምክር እንሰማለን። ይህ ምክር የራሱን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል እየሰማ ለሚቀዳ ሰው ነው። ድምፅ በአየር ላይ በ10 ሚሊ ሰከንድ 3.4 ሜትር ያህል ይጓዛል። ድምፃችን በሄድፎን ከ40 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ከተመለሰልን ከ14 ሜትር ርቀት ራሳችንን እንደምንሰማ ነው። ባዶ ትልቅ መስጂድ ውስጥ አዛን ያለ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ የራስ ማሚቶ አፍን ያስራል።

እኛ ግን አንድ ሸኽ ወይም አንድ ቃሪእ ስንቀዳ ራሳቸውን በሄድፎን እንዲሰሙ አያስፈልግም። ስለዚህ በፈሩን ያለ ስጋት ወደ 1024 ወይም ከዚያ በላይ እናደርገዋለን። ለአሮጌ የቤት ኮምፒውተር ከዚህ የበለጠ ነፃ መድኃኒት አላገኘንም። ራስን መስማት ግድ ከሆነ፣ የራሱ የሄድፎን ቀዳዳ ያለው ዩኤስቢ ማይክ ወይም የድምፅ ካርድ ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ ሳያስገባ በቀጥታ ያሰማናል።

በነሺዳ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ድምፅ በመጀመሪያው ላይ ስንደርብ ደግሞ መዘግየቱን በእጅ ማስተካከል ይቻላል። የሄድፎኑን አንድ ጆሮ ማይኩ ጋር አስጠግተን የተቀዳ ጭብጨባ እናጫውትና መልሰን እንቀዳዋለን። ሁለቱ ጭብጨባዎች የሚለያዩበትን ሚሊ ሰከንድ በፕሮግራሙ የመዘግየት ማካካሻ ላይ እንሞላለን። ከዚያ በኋላ የሚደረበው ሁሉ በቦታው ይወድቃል። ለዚህ ሥራ የብሉቱዝ ሄድፎን አይሆንም፤ መዘግየቱ ብዙ ነው፤ ማይኩንም አብረን ከተጠቀምንበት ጥራቱ ወደ ስልክ ጥሪ ይወርዳል።

በሩን የሚያንኳኩትን ማሰናበት

ከቀረጻው በፊት ያለው ቅደም ተከተላችን ይህን ይመስላል።

1. ማሽኑን አጥፍተን እናስነሣለን። ከሌሊት ጀምሮ የቆየ አፕዴት ካለ አስቀድሞ እንዲጨርስ ጊዜ እንሰጠዋለን።

2. ዋይፋዩን እናጠፋለን ወይም የኔትወርክ ገመዱን እንነቅላለን። አንድ ጠቅታ አፕዴቱን፣ ቴሌግራሙንና የፋይል ማመሳሰሉን አንድ ላይ ያስቆማል። የዋይፋይ ድራይቨሩ ራሱ ፕሮሰሰሩን የሚይዝበት ማሽንም አለ። «ሌተንሲሞን» የተባለ ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ ያሳያል።

3. የኃይል አጠቃቀሙን ወደ «ሃይ ፐርፎርማንስ» እንለውጣለን። በተለመደው አቀማመጥ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲቀል ይዝላል፤ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ለመንቃት ይዘገያል። እንቅልፍንና የስክሪን መዘጋትንም ለዚያ ሰዓት እናቆማለን።

4. ብራውዘሩን እንዘጋለን። 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ባለው ማሽን ላይ ጥቂት የተከፈቱ ገጾች ብቻ ሚሞሪውን ሊጨርሱት ይችላሉ። ሚሞሪው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንደ ሚሞሪ ይጠቀማል፤ ዲስኩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ቀረጻችንን የሚጽፈው ነው።

5. ማይኩን በዴስክቶፑ የኋላ ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ እንሰካለን፤ ፍላሽና ፕሪንተር በተደረደረበት ማከፋፈያ ላይ አንሰካውም።

6. በዊንዶውስ የድምፅ አቀማመጥ ላይም በቀረጻ ፕሮግራሙ ላይም አንድ ዓይነት ቁጥር፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ መሆኑን እናረጋግጣለን።

የማናደርገውም አለ። አንቲቫይረሱን አናራግፍም። የማሽኑ ፍላሽ ከስንት ቦታ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ሳምንታዊ ፍተሻውን ወደ ሌላ ሰዓት ማዛወር ይበቃል። «ኮምፒውተርን በአንድ ጠቅታ የሚያፈጥን» የሚሉትን ፕሮግራሞች አንጭንም። ክራክ የተደረገ የቀረጻ ፕሮግራምም አንጭንም፤ የሠሪው ሐቅ አለበት፤ የቤተሰቡም ማሽን በቫይረስ ይያዛል። ኦዳሲቲ ያለ ክፍያ በግልጽ የተፈቀደ ነው፤ ለድምፅ ቀረጻ ከበቂ በላይ ነው።

መድን የሚበላ ማሽን

ይህ ነጥብ ብዙዎችን ስለሚያስት ለብቻው እናነሣዋለን። ዊንዶውስና አንዳንድ የድምፅ ካርዶች «ኢንሃንስመንት» የሚሉት ነገር አላቸው። ጫጫታ ይቀንሳል፤ ድምፅ ያስተካክላል። የተሠራው ለስልክና ለስብሰባ ወሬ ነው። በወሬ ላይ የሰው ድምፅ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ የማራገቢያ ድምፅ ግን ሳይለዋወጥ ይቆያል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ረዝሞ ያልተለወጠውን ነገር «ጫጫታ ነው» ብሎ ይቀንሰዋል። አሁን ስድስት ሐረካ የሚሳብ መድ አስቡ። ወይም ሸኹ የነቢዩን (ሶ.ዐ.ወ) ስም ጠርተው ድምፃቸውን ሲያስረዝሙ አስቡ። ማሽኑ መጀመሪያውን ይሰጠንና መጨረሻውን ይበላዋል። ጉንናውም እንደዚያው። የተጅዊድ ኡስታዝ ይህን ቀረጻ ቢሰሙ ቃሪኡን ያርሙታል፤ ጥፋቱ ግን የማሽኑ ነው። ይህ ነገር ከቀረጻ በፊት መጥፋት አለበት።

የሐርፎችም ጉዳይ አለ። የሲን፣ የሣእና የፋእ መለያ በአብዛኛው ከፍ ባለው ድግግሞሽ ላይ ነው። የድሮው የስልክ መስመር ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ስለሚያስተላልፍ በስልክ ስም ስንናገር «ሰ ነው ወይስ ፈ?» እንባባላለን። በጣም የታመቀ ኤምፒ3ም ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይቆርጣል። ስለዚህ ዋናው ቅጂ በዌቭ ይቀዳል፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጣል፤ ኤምፒ3 የሚሠራው ከኮፒው ለማሰራጫ ብቻ ነው። በቴሌግራም ስንልክም እንደ ፋይል አድርገን እንልካለን።

ቦታውና መጠኑ

አንድ ማይክ ስለምንጠቀም በሞኖ መቅዳት ይበቃል። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በሞኖ አንድ ደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ወደ 520 ሜጋባይት ይሆናል። አንዳንድ ፕሮግራም ውስጥ ለውስጥ በ32 ቢት ስለሚያስቀምጥ ትንሽ ይጨምራል። ይህን ስሌት አስቀድመን ሠርተን ቢሆን ኖሮ ምናልባት የአባትን ሁለት የቆዩ ፊልሞች፣ በፈቃዳቸው፣ ወደ ውጭ ዲስክ ማዛወር ይበቃን ነበር። የእህታችን ፎልደር ከጠቅላላው ዲስክ አንጻር ኢምንት ነበር።

ስንቀዳ በቀጥታ ፍላሽ ላይ አንጽፍም፤ ብዙ ፍላሾች ሲጽፉ ይዘገያሉ። ወደ ውስጠኛው ዲስክ ቀድተን ከዚያ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ኮፒ እናደርጋለን። በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም።

የድምፁን መጠን በተመለከተ፣ ከፍተኛው ጩኸት ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መካከል እንዲሆን እናደርጋለን። ጣሪያውን የነካ ድምፅ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን ሞገድ እንደነበረ የሚመልስ የለም። ዝቅ ብሎ የተቀዳን ግን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። በ24 ቢት ስንቀዳ ለዚህ ሰፊ ቦታ አለን፤ እያንዳንዱ ቢት ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራልና። መንዙማ ዝግ ብሎ ይጀምርና እየጋለ ይሄዳል። ስለዚህ ልኩን ስናስተካክል ሸኹን «የጋለውን ቦታ ትንሽ ይበሉልን» ብለን መጠየቅ አለብን፤ በመግቢያው ለክተን ከጀመርን መጨረሻው ይቃጠላል።

ማሽኑ ጸጥ ሲል፣ ቤቱም ጸጥ ሲል

አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ይሞቃል፤ ሲሞቅ ፋኑ ይጮኻል፤ ይበልጥ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ሥራውም ይዘገያል። ስለዚህ ማሽኑን አጥፍተን፣ ገመዱን ነቅለን፣ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ድምፁንም ፍጥነቱንም ይጠቅማል። ከተቻለ ኮምፒውተሩን ከክፍሉ ውጭ አድርጎ የማይኩን ገመድ ማስገባት ነው፤ ተራ የዩኤስቢ ገመድ ግን ከ5 ሜትር በላይ እንዲረዝም አይመከርም።

የመብራታችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ «እእእ» የሚል ጉምጉምታ ካለ በ50፣ በ100፣ በ150 ኸርዝ ላይ ነው። የወንድ ድምፅ መሠረቱ እዚያው አካባቢ ስለሆነ በማጣሪያ ሙሉ ለሙሉ እናስወጣው ብንል ድምፁን እናሳሳዋለን። ከምንጩ ማቆም ይሻላል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት፣ ዴስክቶፕ ከሆነ የማይኩን ገመድ ከመብራት ገመድ ማራቅ ነው።

ክፍሉን ደግሞ በምንጣፍ፣ በብርድ ልብስና በፍራሽ መሸፈን ማሚቶውን ይቀንሳል። ከሱብሒ በኋላ ያለው ሰዓት የተሻለ የሆነው ለዚህ ነው፤ መንገዱ አልተነሣም፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ቆርቆሮውም ገና በፀሐይ አልተንጣጣም። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ የክፍሉን ጸጥታ ብቻ እንቀዳለን፤ በኋላ ጫጫታ መቀነስ ቢያስፈልግ መለኪያ ይሆነናል።

አንድ ነገር እንጨምር። ሸኹ ከመምጣታቸው አንድ ቀን በፊት እኛው ራሳችን አሥር ደቂቃ እየቀራን እንቀዳለን፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም እናዳምጠዋለን። በዋናው ቀን ደግሞ አንድ ስልክ «ኤርፕሌን» ላይ አድርገን ጎን ለጎን እናስቀዳለን። ኮምፒውተሩ ቢከዳን፣ መብራት ቢሄድ፣ ስልኩ አለ።

ደብጥ

በሐዲስ ትምህርት አንድ ራዊ ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ ደብጥ መሆኑን ተምረናል፤ የሰማውን እንደሰማው ጠብቆ ማስተላለፍ። ቀኝ እጁ ማውዙ ላይ ያለ ሰው አስተላላፊ መሆኑን እንዳይረሳ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በካይሮ ሸይኽ መሕሙድ ኸሊል አልሑሰሪ ቁርኣንን በሙሉ በሙረተል ቀዱ፤ ያ ድምፅ ዛሬ እኛ ሒፍዛችንን የምናርምበት ነው። የእኛ ሥራ ከዚያ ጋር ባይወዳደርም አማናው አንድ ነው።

ስለዚህ ፋይሉን «ሪከርድ 3» ብለን አንተወውም። የሸኹን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑን በሂጅራም በእኛም አቆጣጠር፣ መንዙማውን ከማን እንደተቀበሉ በራሳቸው ድምፅ እናስነግርና በጽሑፍም እናስቀምጣለን። ይሰራጭ ወይስ ለቤተሰብ ብቻ ይሁን የሚለውንም እንጠይቃቸዋለን፤ ድምፁ የእሳቸው ነው።

መመለስ

ቀረጻው ሲያልቅ ሥራው አያልቅም። ማሽኑን እንደተቀበልነው እንመልሳለን። የኃይል አቀማመጡ ወደ ነበረበት፣ ኔትወርኩ ወደ ነበረበት፣ የተቀየረው ድምፅ ማውጫ ወደ ስፒከሩ ይመለሳል። ይህን የረሳን ቀን ትንሹ ወንድም «ኮምፒውተሩ ዲዳ ሆነ» ብሎ አለቀሰ፤ አባትም የሱቃቸውን ሒሳብ ሊሠሩ ቢቀመጡ ኢንተርኔት አጡ። ከዚያ ወዲህ የመመለሻውን ዝርዝር ከተራው ሰሌዳ ሥር ለጥፈነዋል። ቤተሰቡ ለወደፊት ገንዘብ ቢያገኝ ምን ይጨመር ብለው ለጠየቁን ደግሞ መጀመሪያ ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ፣ ቀጥሎ ሚሞሪውን ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ብለናል። ይህ የሚጠቅመው እኛን ብቻ አይደለም፤ የእህታችንን ጥናትም የአባትን ሒሳብም ያፋጥናል።

ሸኹን ለሁለተኛ ጊዜ ለመጥራት አፍረን ነበር። ሰምተው ራሳቸው መጡ። ከሱብሒ በኋላ፣ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ፣ አርባ ደቂቃ አሉ። ቀረጻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንጹሕ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ያሉትን አንድ ረዥም መንዙማ መሀሉን አላስታወሱትም። «ያን ቀን መጥቶልኝ ነበር፤ ዛሬ ሸሸኝ» አሉን። ያ መንዙማ ያለን በተቆራረጠው ቀረጻ ላይ ብቻ ነው። ከሰባቱ ቁራጮች ሦስቱ እዚያ ላይ ናቸው። ደብተሩን እያገላበጥን፣ የሚያውቁ ሌሎች አዛውንቶችን እየጠየቅን የጎደሉትን ቃላት እየፈለግን ነው። እስካሁን አንዱን አግኝተናል።

ወንድሞችና እህቶች! በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ድምፅ ያላቸው አያት፣ አክስት፣ የሰፈር ሸኽ ካሉ የሚመጣውን ዕረፍት አትጠብቁ። ነገር ግን ከማይኩ በፊት የማሽኑን ባለቤቶች ፈቃድ ጠይቁ፤ ከዚያም አሥር ደቂቃ ሞክሩ። አላህ ሥራችንን ኢኽላስ ያለበት ያድርግልን፤ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን። ለእህታችንና በዚህ ዓመት ለሚፈተኑ ሁሉ ዱዓ አድርጉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።